ደብተሩ ባይዋሽም፦ የላምና የኮርማ ሪከርድ ምን ያህል ይታመናል?

(ይሄ ለወተት ከብት አርቢዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ አድርግልን ያሉኝ ሰዎች ስለበዙ ከድምጽ ቅጂው ገልብጬዋለሁ። አወራሩን እንዳለ ነው የተውኩት፣ ከጥያቄና መልሱም ጥቂቱን መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ ስለሆነ መግቢያ አላበዛም፣ ቀጥታ ልግባ።

ጊደር ልትገዙ ወይ ኮርማ ልትመርጡ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ቁጥር ነው አይደል። "ይቺ 22 ሊትር ነው ምትታለበው"፣ "የዚህ እናት 25 ትሰጣለች"፣ "75 ፐርሰንት ናት" (የፈረንጅ ደሟን ማለታቸው ነው) ይሏችኋል። ሁላችንም ታዲያ ዋሽቶኝ ይሆን እንዴ እያልን እንጨነቃለን። ውሸትማ አለ፣ ደላላ ባለበት ገበያ ውሸት የለም ብል እናንተው ትስቁብኛላችሁ። ግን ሻጩ እግዜርን የሚፈራ ሰው ነው እንበል፣ ቁጥሩም አንዲት ኩባያ ሳይጨመርበት የተጻፈ ነው እንበል፣ ከዛ ቁጥር ውስጥ ምን ያህሉ ነው ወደ ጥጃው የሚሄደው? ዛሬ በዋናነት የማወራው ስለዚህ ነው። መልሱ ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም ያንሳል፣ እና እኔ እንዳየሁት እውነተኛ ቁጥር ሰው ሲያሳስት ከውሸቱ ይብሳል፣ ማንም አይጠራጠረውማ።

ውሸቱን ቶሎ ላሳልፈው። ከዋዜማው ሳትታለብ አድራ ግቷ ተወጥሮ ገበያ የምትወጣ ላም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መድሃኒቱ ማታ ሄዶ ዓይናችሁ እያየ ማሳለብ፣ ጠዋት ተመልሶ ማሳለብ፣ ከዛ ሁለቱን መደመር ነው። አላሳልብም ካለ በቃ መልሱን አገኛችሁ። ደብተር ካሳያችሁ ደግሞ ቁጥሮቹን ከማንበባችሁ በፊት ገጹን እዩት። አንድ ፋርም ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ደብተሩ በጣም ያምራል፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፣ ቁጥሮቹ 10፣ 12፣ 10፣ 15፣ 12 እያሉ ይወርዳሉ፣ አንድም 11 የለም፣ አንድም 13 የለም፣ 9 ተኩል የሚባል ነገር ጭራሽ አያውቅም። የታመመችበት ቀን የለም፣ መኖ የዘገየበት ቀን የለም። ከዛ ገልበጥ ሳደርገው ከነሐሴ 30 ቀጥታ መስከረም 1 ላይ ይዘላል። ጳጉሜ የለችም! ላሟ ጳጉሜን አልታለበችም እንዴ? አንድ ማታ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ደብተር ነው ማለት ነው፣ በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ጳጉሜን አይረሳም። እውነተኛ ደብተር ቆሻሻ ነው፣ ስርዝ ድልዝ አለበት፣ የወተት ጠብታ አለበት፣ እስክሪብቶው ይቀያየራል፣ መሃል ላይ የሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ይገባበታል። እኔ ቆሻሻውን ነው የማምነው።

የዘመን አቆጣጠር ነገር ደግሞ አለ፣ ይሄ ውሸት አይደለም ግን ጉድ ይሰራል። የማዳቀል ቴክኒሻኑ ካርዱ ላይ 5/2 ብሎ ይጽፋል። ጥቅምት 5 ነው ወይስ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 5? ባለቤቱ ደግሞ የወለደችበትን በኛ ነው የሚጽፈው። ሁለቱን አገናኝታችሁ ከወሊድ እስከ ወሊድ ስንት ቀን ስትሉ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ቁጥር ይወጣል። በኛ አቆጣጠር ማስላት ግን እንዴት እንደሚቀል ልንገራችሁ፣ የፍሪዥያን፣ ሆልስታይንም የምንላት የጥቁርና ነጯ የፈረንጅ ላም፣ እርግዝና 280 ቀን አካባቢ ነው፣ የሐበሻ ደም ሲበዛ ጥቂት ቀን ይጨምራል። የኛ ወር ሁሌ 30 ስለሆነ 280 ቀን ማለት 9 ወር ከ10 ቀን ነው፣ መሃል ጳጉሜ ካለች 5 ወይ 6 ቀን ትቀንሳላችሁ። ጥቅምት 5 የተዳቀለች ላም ሐምሌ 15 ገደማ ትወልዳለች ማለት ነው፣ በሳምንት በአስር ቀን ወዲያ ወዲህ ብትል ችግር የለውም። ነሐሴ 6 ከወለደች ግን ቁጠሩ፣ ከሐምሌ 15 በኋላ 21 ቀን ሆነ፣ 21 ቀን ደግሞ ላም ዳግም ኮርማ የምትፈልግበት ዙር ነው። ስለዚህ የጥቅምቱ ስትሮ፣ የኮርማ ዘር ያለበት ቀጭኑ ቱቦ ማለቴ ነው፣ አልያዘም፣ ከ21 ቀን በኋላ የጎረቤት ኮርማ ነው ያጠቃት፣ ካርዱ ላይ ግን አባት ተብሎ የተጻፈው ያ የመጀመሪያው ስትሮ ነው። ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል! እንዲህ ዓይነት የአባት ስህተት የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሁሉ ነገር በኮምፒዩተር በሚመዘገብበት ሀገርም በዲኤንኤ ሲፈተሽ ከ100 ጥጃ 10 አካባቢ አባታቸው ሌላ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

እሺ ውሸቱና ስህተቱ ይብቃ። አሁን ደብተሩ ትክክል ነው እንበል።

መጀመሪያ የምጠይቀው የተለካው ምንድነው ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገራችሁ ፒኩ ነው፣ በወለደች በአንድ ወር ተኩል በሁለት ወር ውስጥ የታለበችው ትልቁ ቁጥር። ላም የምትወዳደረው ግን በዛ ቀን አይደለም፣ በ305 ቀን ወተት ነው፣ እንደ አንድ ሙሉ የወሊድ አለባ የሚቆጠረው እሱ ነው። 16 ሊትር ፒክ ያላትን ላም በ305 ብታባዟት 4,880 ሊትር ይመጣል፣ ወረቀት ላይ ደስ ይላል። ግን ወተት ከፒክ በኋላ እየወረደ ነው የሚሄደው፣ እንደ ግምት ፒኩን በ200 ማባዛት ነው የሚቀርበው፣ 3,200 ማለት ነው። 1,680 ሊትር የሌለ ወተት ነበር የምትገዙት። ክልስ ላም ላይ ደግሞ ያም ሊበዛባት ይችላል፣ በስድስትና በሰባት ወር የምትነጥፈው ብዙ ናትና።

ከዛ ጥጃው አለ። የሐበሻ ላምና የሐበሻ ደም የበዛባት ክልስ ጥጃዋን ካላየች ወተቷን አትለቅም፣ የሞተ ጥጃ ቆዳ ጭድ ሞልተው አጠገቧ የሚያቆሙት ለዚህ አይደል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ያለው ወተት ጥጃው ከጠባው የተረፈው ነው። አንዱ ሁለት ጡት ለጥጃ ይተዋል፣ ሌላው አስጎምጅቶ ጥጃውን ይጎትተውና ሁሉንም ያልባል፣ ሌላው ደግሞ ጥጃውን በባልዲ ነው የሚያጠጣው። ያ 6 ሊትር የጻፈውና ይሄ 8 የጻፈው የቱ ላም ትበልጣለች? ከደብተሩ ማወቅ አይቻልም፣ አጠባቡን ሳትጠይቁ ቁጥሩን አትውሰዱ።

ሌላው ደብተሩ የማነው የሚለው ነው። ብዙዎቻችሁ የምታሳዩኝ ወተት የምታስረክቡበትን ደብተር ነው፣ የማህበሩን ወይ የሰብሳቢውን። እሱ የሽያጭ ደብተር ነው እኮ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ገዢ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ተረካቢ ጭራሽ በቃ አታምጡ ይላል፣ እናንተም ወተቱን ቅቤ ታደርጉታላችሁ ወይ ለጥጃ ትለቁታላችሁ፣ መኖም ትቀንሳላችሁ። መረከቢያው ላይ ታዲያ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ቁጥሩ ገደል ይገባል። ጥቅምት የወለደችው ላም በአራተኛ በአምስተኛ ወሯ ወተቷ እንደወደቀ ይመስላል፣ ፋሲካ ሲያልፍ የወለደችው ደግሞ ጀግና ትመስላለች። ላሟ አልጾመችም፣ የጾመው ገዢው ነው። ይሄን ሳያስተካክል ዝም ብሎ ላም መርጦ የሸጠ ሰው ምናልባት ጥሩዋን ነው የሸጠው።

ትንንሾቹን እንለፋቸው፣ በጆግ ሲለካ አረፋው ይቆጠራል፣ ጠዋት ብቻ ተለክቶ በሁለት ሲባዛ ይበዛል ምክንያቱም የማታው አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ ያንሳል፣ በመጀመሪያ ወሊዷ ያለች ላም ደግሞ ስትበስል ከምትሰጠው ከ20 እስከ 25 ፐርሰንት አካባቢ ያንሳታል ስለዚህ ከአራተኛ ወሊድ ላም ጋር እኩል አታቁሟት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ እዚህ ጋ ንቁልኝ።

ሁለት ፋርም አለ እንበል። አንደኛው ጥሩ ድርቆሽ አለው፣ ፉርሽካና ፋጉሎ በልኩ ይሰጣል፣ የላሞቹ አቨሬጅ በዓመት 3,800 ሊትር ነው፣ እዛ ውስጥ 4,600 የምትሰጥ ላም አለች። ሁለተኛው ገለባና ትንሽ አተላ ነው ያለው፣ አቨሬጁ 2,400 ነው፣ እዛ ውስጥ ደግሞ 3,300 የምትሰጥ አለች። ከየትኛዋ ጥጃ ትወስዳላችሁ? እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ሁላችሁም የ4,600ዋን ነው። ልጃችሁ ሰነፍ ክፍል ውስጥ ይማር ጎበዝ ክፍል ውስጥ፣ ስንት አመጣ ሳይሆን ከክፍሉ ስንተኛ ወጣ ብላችሁ አይደል የምትጠይቁት? የመጀመሪያዋ ከጓደኞቿ የምትበልጠው 800 ነው፣ ሁለተኛዋ 900 ነች። ቀሪው 3,800ና 2,400 በአብዛኛው መኖው ነው፣ ባለቤቱ ነው፣ ውሃው ነው። መኖ በዘር አይተላለፍም። እርግጥ ጥሩ ፋርም ጥሩ ዘርም ሊኖረው ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ መኖ ነው አልልም፣ ግን ልዩነቱን ካላያችሁ ምንም አላያችሁም።

ገና አልጨረስንም። ያ 800ም ሁሉም ዘር አይደለም። የወተት መጠን በዘር የሚወረሰው ከ25 እስከ 30 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ በ25 እንያዘው። የ800 ሩብ 200። ጥጃዋ ደግሞ ከእናቷ ግማሽ ነው የምትወስደው፣ 100 ሊትር። በዓመት! 4,600 ትሰጣለች ተብላ ያን ሁሉ ብር የጠራችው ላም ለጥጃዋ ታስተላልፋለች ብለን የምንጠብቀው ከፋርሙ አቨሬጅ በላይ 100 ሊትር ነው። የሁለተኛዋ 112 ተኩል። ጥጃውን የምትገዙት በእናቱ 4,600 ዋጋ ከሆነ ትልቁን ብር የከፈላችሁት ለሰውየው ድርቆሽ ነው።

"ሶስት ጊዜ ወልዳ ሶስቴም ጥሩ ነበረች" ካሏችሁ ይሻላል፣ ግን ሶስት እጥፍ አይሻልም። በአንድ ወሊድ ሪከርድ የዘሯን 25 ፐርሰንት ያህል ካወቅን፣ በሁለት 33፣ በሶስት 37 ተኩል ነው፣ አስር ጊዜ ብትወልድም 50 አይሞላም። ለምን ብትሉ አንድ ላም ላይ የሚደጋገም ከዘር ውጭ የሆነ ነገር አለ፣ ጥጃ እያለች በደንብ ያደገች፣ ወይ ባለቤቱ የሚወዳት፣ ሁሌ ፋጉሎው ወደሷ የሚደፋላት። እናንተም ቤት አንዷ አለች፣ አትካዱ። ያቺ የቤቱ ንግሥት ሪከርዷ እውነት ነው፣ ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ገበታ አልቀረበችም።

አሁን ኮርማ። ወይፈን ስንመርጥ "እናቱ 25 ሊትር ነች" ነው አይደል የምንለው። የእናቱ አንድ ወሊድ ሪከርድ ብቻ ይዛችሁ ስለ ወይፈኑ ዘር የምታውቁት 6 ፐርሰንት ነው። 6! ሶስት ወሊድ ካላት 9 ገደማ። የእናቱን ዘር አንድም ሳይጎድል እናውቃለን ብንል እንኳ ከ25 አያልፍም፣ ምክንያቱም ግማሹን ብቻ ነው የሰጠችው፣ የትኛውን ግማሽ እንደሰጠችው ደግሞ አናውቅም፣ ካንድ እናትና አባት ሁለት ወንድማማች ኮርማ አንዱ ጥሩ አንዱ የማይረባ የሚሆነው ለዚህ ነው። አሁን ይሄን ስሙ፣ ይሄው ኮርማ የሚታለቡ አምስት ሴት ልጆች ካሉት፣ በተለያየ ፋርም ከእኩዮቻቸው ጋር ተወዳድረው፣ እነሱ ብቻ 25 ይሰጣችኋል። አምስት ተራ ልጆች ሙሉ በሙሉ ከምትታወቅ እናት እኩል ናቸው። 15 ልጅ 50 ፐርሰንት፣ 45 ልጅ 75፣ 100 ልጅ 87 ገደማ። ከዛ በኋላ ልጅ ቢጨመርም ብዙ አይንቀሳቀስም።

የኮርማ ካታሎግ ላይ ሪላያቢሊቲ (አስተማማኝነት) ተብሎ የሚጻፈው ፐርሰንት ይሄ ነው እንግዲህ። የኮርማው ጥሩነት አይደለም፣ ቁጥሩ ነገ ምን ያህል ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ነው የሚነግራችሁ። 95 ያለው መጥፎ ኮርማ በእርግጠኝነት መጥፎ ነው በቃ።

ይሄ ለወተት ነው። የመያዝ ነገር፣ ቶሎ ቶሎ መውለድ፣ የሚወረሰው 5 ፐርሰንት አካባቢ ስለሆነ ያው 15 ልጅ 16 ፐርሰንት ነው የሚሰጠው፣ 50 ለመድረስ ወደ 80 ልጅ ያስፈልጋል። ስለዚህ "የሷ ዘር በየዓመቱ ነው የሚወልደው" የሚል ሻጭ ሲመጣ በአክብሮት አዳምጡት እንጂ ብር አትጨምሩለት።

ፈረንጆቹም ይሄን በአንድ ቀን አልደረሱበትም። የመጀመሪያው የላም ወተት መዝጋቢ ማህበር ዴንማርክ ቬየን የምትባል ቦታ በ1895 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው፣ አሜሪካም በ1905 ሚሺጋን ላይ ከነሱ ቀዳች። ለብዙ ዓመት ግን ኮርማ የሚመዝኑት ልጅን ከእናቷ ጋር እያወዳደሩ ነበር፣ ልጅ ከእናቷ በልጣ ከተገኘች አባቷ ጎበዝ ነው። ችግሩ ታያችሁ? በእናትና በልጅ መሃል ስንት ዓመት አለ፣ መኖው ተሻሽሏል፣ በረቱ ተቀይሯል፣ ሁሉም ኮርማ ጎበዝ ይመስላል። አሜሪካኖቹ ያን ትተው አንድ በረት ውስጥ በአንድ ጊዜ ከሚታለቡ ጓደኞቿ ጋር ወደማወዳደር በይፋ የዞሩት በ1962 ነው፣ ሁሉንም ዘመድ አንድ ላይ ወደሚያሰላው ዘዴ ደግሞ በ1989። እኛ ጋ እስካሁን "ከእናቷ ትበልጣለች" እያለ የሚሸጥ አለ።

የጎደለውንም ጠይቁ። ፋርሙ "አቨሬጃችን 14 ሊትር ነው" ሲላችሁ የቀሩት ላሞች አቨሬጅ ነው፣ የተሸጡት፣ ለስጋ የሄዱት፣ ሞተው የወጡት ውስጡ የሉም። ኮርማውም እንደዛ ነው፣ 20 ሴት ልጆች ወልዶ 12ቱ በመጀመሪያ ወሊዳቸው ወተት የላቸውም ተብለው ከተሸጡ የቀሩት 8ቱ ያሳምሩታል። የኛ ሀገር ሪከርድ ላይ በጣም የሚያናድደኝ ግን አጭር ወሊድ ነው። 100 ቀን ሳትሞላ የነጠፈች ላም "ያልተሟላ ሪከርድ" ተብላ ትሰረዛለች፣ ስሌቱን እንዳታበላሽ። ቶሎ መንጠፍ ራሱ እኮ በከፊል ዘር ነው፣ በተለይ የሐበሻ ደም ባለባቸው! ጥጃዋ ሞቶ ከነጠፈች ምክንያቱን ጻፉ፣ እንዲሁ ከነጠፈች ደግሞ ሪከርዱ እሱ ነው፣ 70 ቀን ከሆነ 70 ቀን።

ሪከርድ ሙሉ ሆኖም የማይነግራችሁ ነገር እንዳለ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ፖኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ የሚባል በ1962 እ.ኤ.አ. የተወለደ የአሜሪካ ሆልስታይን ኮርማ ነበር። 16,000 ገደማ ሴት ልጆች ነበሩት፣ ወተታቸው ድንቅ ነው፣ ሪላያቢሊቲ ብትሉ ከዛ በላይ የለም፣ ዛሬ ዓለም ላይ ካለው ሆልስታይን ውስጥ የሱ ደም የሌለበት ማግኘት ይከብዳል። ከ2011 እ.ኤ.አ. በኋላ በዘር ምርመራ ሲታይ ግን ከሁለቱም ወገን ሲደርስ ጽንስ የሚገድል ጉድለት ተሸክሞ ነበር፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጽንስ እንደጠፋ ነው የተገመተው። ለምን በሪከርድ አልታየም? ያልተወለደ ጥጃ ማን ይመዘግባል፣ "አልያዘችም" ተብሎ ያልፋል። ደግሞ ልጨምር፣ ያሰሉት ሰዎች በወተት ያስገኘው ጥቅም ከዛ ኪሳራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል ነው ያሉት፣ ስለዚህ ኮርማው መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም።

የኛን የክልስ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ቦረና ከፍሪዥያን ተዳቅሎ የሚወለደው የመጀመሪያው ክልስ በጣም ጎበዝ ነው፣ አርሲም ሆለታም በስንት ዓመት ስራ የታየ ነው። ግን ከዛ ጉብዝና ውስጥ አንዱ ክፍል የመጣው ሁለቱ ዘሮች ስለተራራቁ ነው፣ የመደባለቅ ጉልበት በሉት፣ እሱ ደግሞ ለልጅ እንዳለ አይተላለፍም። ክልስን ከክልስ ስታዳቅሉ ግማሹ ይጠፋል። እና እኛ ምን እናደርጋለን፣ 18 ሊትር የምትሰጠውን 50 ፐርሰንት ክልስ እንመርጥና ወንድ ጥጃዋን ለሰፈሩ ኮርማ እናሳድጋለን፣ ልጆቹ ሲወርዱ "መኖው ነው" ወይ "ዘሩ ተበላሸ" እንላለን። ምንም አልተበላሸም፣ የእናቲቱ ሪከርድ ውስጥ ከመጀመሪያውም የማይተላለፍ ነገር ነበረበት። በዛ ላይ "75 ፐርሰንት" የሚባለው ብዙ ጊዜ በቆዳ ቀለም ነው የሚገመተው፣ ጥቁርና ነጭ ከሆነች 75፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ካላት 62 ተኩል። ግማሹ ቀልድ ነው።

የውጭ ስትሮ ለምታስመጡ ወይ ለምትመርጡ አንድ ሶስት ነገር ብቻ ልበል። የአሜሪካ ካታሎግ ላይ ሚልክ ፕላስ 1,000 ካለ ፓውንድ ነው፣ 454 ኪሎ መሆኑ ነው። እዛ የተጻፈው ኮርማው ለልጁ የሚያስተላልፈው ግማሽ ብቻ ነው፣ ብዙ ሌላ ሀገር ደግሞ ሙሉውን ይጽፋል፣ ስለዚህ የካናዳ 900ና የአሜሪካ 900 አንድ አይደሉም። ፕላስ የሚለውም ከዛው ሀገር አቨሬጅ ላም ነው፣ ያ አቨሬጅ አሜሪካ ላይ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል፣ የዛሬ 15 ዓመት ካታሎግ ላይ ፕላስ የነበረ ኮርማ ዛሬ ማይነስ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሳታዩ አትግዙ። ደግሞ ልጆቹ የተወዳደሩት ሙሉ ቀን መኖ ፊታቸው ሆኖ ነው፣ የሆልስታይን አንደኛው ኮርማ ገለባ ላይ አንደኛ ይሆናል ማለት አይደለም፣ ደረጃው ሊቀያየር ይችላል። ሪላያቢሊቲው 99 ቢልም 99ኙ እዛ ላለው በረት ነው።

እንግዲህ ይሄን ካልኩ ጥያቄ ልውሰድ።

አንድ አባት እንዲህ ጠየቁ፣ "ልጄ፣ እኛ በየቀኑ የምንጽፍበት ጊዜ የለንም፣ ያ ሁሉ ደብተር ካልታመነ እንዴት እናድርግ?"

ጋሼ፣ በየቀኑ አያስፈልግም። በወር አንድ ቀን ብቻ፣ የዛን ቀን ማታና ጠዋት፣ በአንድ መለኪያ፣ አረፋው ሲረጋ። ዓለም ላይም በብዛት የሚሰራው እንደዛ ነው። ባለፈው ወር 16 ነበረች፣ በዚህ ወር 14 ነች፣ መሃሉ 15፣ በ30 ቀን 450 ሊትር። እያንዳንዱን ወር እንዲህ እየደመሩ እስክትነጥፍ መሄድ ነው። ዋናው ነገር ግን ሁሉንም ላም ይለኩ፣ መጥፎዋንም፣ ጥሩዋ ጥሩ መሆኗ የሚታወቀው መጥፎዋ ስትለካ ነው። ከዛ የወለደችበት ቀን፣ የነጠፈችበት ቀን፣ ከበረት ከወጣች ለምን እንደወጣች። በቃ።

አንድ ወጣት ደግሞ "አሁን ጂኖሚክ የሚባል የዲኤንኤ ምርመራ አለ፣ በፀጉር ብቻ ያውቃሉ፣ ታዲያ ሪከርድ ለምን አስፈለገ?" አለ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ ይጠቀሙበታል፣ ገና ልጅ የሌለው ወይፈን በወተት 70 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ሪላያቢሊቲ ይዞ ይወጣል። ግን ፀጉሩን ብቻውን አይተው አይደለም፣ ያ ፀጉር ምን ማለት እንደሆነ ያስተማራቸው የሚሊዮን ላሞች ደብተር ነው። የነሱን ስሌት አምጥተህ ቦረና ክልስ ላይ ብታደርገው እንደዛ አይሰራም፣ የራሳችን ላሞች ሪከርድ ያስፈልጋል። ኢልሪ፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህና ታንዛኒያ በትንንሽ አርቢዎች ቤት ሪከርድና የዘር ናሙና አንድ ላይ ሲያሰባስብ የነበረው ለዚህ ነው። ሁለት ላም ያላት እናት ብቻዋን ማወዳደር አትችልም፣ የሷ ደብተር ከሺ ቤት ደብተር ጋር ሲደመር ነው ነገር የሚናገረው። ደግሞ ወጣት ኮርማ ስትመርጥ አንዱን ብቻ ይዘህ በረቱን ሁሉ አታዳቅልበት፣ አራት አምስት ቀላቅል፣ አንዱ ቢወርድ ሌላው ይይዝሃል።

መጨረሻ ላይ አንዲት እህት ያለችው ጥሩ ነበር። "የምገዛት ጊደር ናት፣ ገና አልታለበችም፣ ደብተርም የላትም። ምኗን ልይ?"

የሷ ሪከርድ ገና ስለሌለ አባቷን ነው የምታይው እህቴ። አባቷ በሌላ ቤት የሚታለቡ ልጆች ካሉት፣ እዛው ሰፈርም ቢሆን፣ ሄደሽ እይ፣ አምስት ካገኘሽ ከእናቷ ወሬ ይበልጥብሻል። እናቷን ከጠየቅሽ ስንት ትታለባለች ብለሽ አትጠይቂ፣ አብረዋት ያሉት ስንት ይታለባሉ፣ መኖው እኩል ነው ወይ፣ ከወለደች በስንተኛው ወር ነጠፈች በይ። የማዳቀያ ካርዱን ካሳዩሽ ጊደሯ የተወለደችበትን ቀን ጠይቀሽ 9 ወር ከ10 ቀኑን እዛው ቆመሽ ቁጠሪ። ካልገጠመ ዘሯን ሳይሆን እሷን ብቻ ነው የምትገዢው፣ ዋጋውንም በዛ ልክ አውርጂ። አሁን ደግሞ ስትዳቀል የስትሮውን ኮድ ቴክኒሻኑ ባዶውን ሳይጥለው በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ የኮርማው ቁጥር እላዩ ላይ አለ።